እኔ ያልቆረጥሁት የእትየ ዘይነባ ቃል

በመጀመሪያ በደሉን ልናገር፤ ሌላውን ከዚያ በኋላ አወራለሁ። እትየ ዘይነባ ካሜራ ፊት የተናገረችው ቃል ተቆርጧል። የቆረጥሁት እኔ አይደለሁም። ፊልሙ መጨረሻ ላይ ግን «ኤዲቲንግ፦ ሐዋ ይማም» ተብሎ የእኔ ስም ተጽፏል። ሐይቅ ያላችሁ ዘመዶቼ፣ መቐለ የምትኖሩ የወሎ ልጆች፣ ወሬውን በስልክ ከዚህ ወደዚያ ያመላለሳችሁም ሁሉ እንድታውቁት ብዬ ነው የምጽፈው። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነውና አጻጻፌ ቢያስቃችሁ ሳቁ። ስሜን ግን እንደተነገራችሁ አትያዙት።

ከሐይቅ የወጣሁት ደርግ በወደቀ በማግሥቱ ዓመት ነው። ባሌ ከሞተ ዓመት አልሞላውም ነበር። ወንድሙ መጣና ደጄ ላይ ቆሞ «ሐዋ፣ መሬቱም አንቺም ከዚህ ቤት አትወጡም» አለኝ። እኔን ከመሬቱና ከበሬው ጋር አንድ ላይ ቆጠረኝ ማለት ነው። «መሬቱን ውሰድ፤ እኔ ግን እግር አለኝ» አልሁት። ሳቀ። እሱ ስቆ ሳይጨርስ እኔ ጓዜን ጨርሼ ነበር። ጎህ ሳይቀድ ልጄን ሩቅያን አዝዬ፣ እናቴ ከኋላዬ፣ አስፋልቱ ዳር ቆምን። ሐይቁ በጉም ተሸፍኖ አይታይም፤ ውሃው ድንጋዩን ሲመታ ብቻ ይሰማል። እናቴ የተቆላ ሽምብራ በመሐረብ ቋጥራ ሰጠችኝና «ስትደርሺ ላኪብኝ» አለችኝ። አላለቀሰችም። እኔም አላለቀስሁም፤ ንዴቱ እንባውን አድርቆት ነበር።

ማሽላ የጫነ ኤንትሬ መኪና ቆመልን፤ ከጆንያው ላይ ወጥተን ተቀመጥን። ከኛ አገር የወጣ ሰው ሁሉ ወይ አዲስ አበባ ይወርዳል ወይ ባሕር ይሻገራል። እኔ ወደ ሰሜን የወጣሁት እትየ ዘይነባ መቐለ ስለነበረች ነው። የእናቴ የጎረቤት ልጅ ናት፤ ሓድነት ገበያ በርበሬና ቅመም ትሸጣለች፤ «የቸገረው ይምጣ፣ አንድ ክፍል አለችኝ» ብላ ልካ ነበር። አላማጣ ኬላ ላይ መኪናው ሲቆም አንድ ጠባቂ ቀና ብሎ አየኝ።

«ወዴት ነሽ?»

«መቐለ።»

«ሰው ሁሉ ወደ ታች ይወርዳል፣ አንቺ ወደ ላይ?»

«የሚወርደው በዝቶ መንገዱ ጠበበኝ።»

«መቐለ ምን አለሽ?»

«ምንም የለኝም። ሐይቅም ምንም የለኝም። የመቐለው ግን ገና አልተሞከረም።»

ለጓደኛው በትግርኛ አንድ ነገር አለውና ሁለቱም ሳቁ። ትግርኛ አልሰማም ነበርና ተሰደብሁ ብዬ እስከ ማይጨው አኮረፍሁ። በኋላ ሾፌሩ «ምላሷ እንኳን መቐለ አሥመራም ያደርሳታል ነው ያሉሽ» ብሎ ነገረኝ። ገና እንዳኮረፍሁ የግራ ካሕሱን ተራራ ጠመዝማዛ ስንወጣ ብርዱ ጆንያው ውስጥ ሁሉ ገባ። ሩቅያ «እማየ፣ አገሩ ለምን ይቀዘቅዛል?» አለችኝ። «ገና ስላላወቀን ነው» አልኋት። ምን ልበላት?

መቐለ ነፋስ ናት። ቤቱ ሁሉ ድንጋይ፣ ድንጋዩ ሁሉ ነጭ፣ ከሰዓት በኋላ አቧራው ተነሥቶ ዓይን ያስከድናል። ውሃው ጨው ጨው ይላል፤ ሻይ ሳፈላበት የሐይቅ ውሃ ትዝ እያለኝ ስኳር እጨምርበታለሁ፤ ስኳር አይሸፍነውም። ሕምባሻቸው መጀመሪያ ደረቀብኝ፤ አሁን ከሌለ ቁርስ የበላሁ አይመስለኝም። እትየ ዘይነባ አልጋዋን ለኛ ለቃ እሷ ከልጇ ጋር መሬት እየተኛች ወራት አኖረችን። ይህን ያዙልኝ። አልጋዋን ነው የለቀቀችልኝ።

ከዚያ እዚያው ሓድነት ኣደይ ለተብርሃን የሚባሉ ሴትዮ ግቢ ክፍል ተከራየሁ። ኣደይ ማለት እናቴ ማለት ነው፤ ትልቅ ሴት ሁሉ ኣደይ ትባላለች።

«ስንት ናችሁ?» አሉኝ።

«እኔና ልጄ።»

«እንግዳ ይመጣል?»

«ወሎዬ ነኝ፤ ይመጣል።»

«ስንት?»

«እንግዳ መቁጠር ነውር ነው።»

«ውሃ ግን ይቆጠራል። በቀን አንድ ጀሪካን።»

«አላህ ያቆይዎት፤ ቤትዎን ያሙቅልዎት፤ የልጅ ልጅ ያሳይዎት፤ ደጅዎ አይዘጋ። አንድ ጀሪካን ግን ለሶላት ውዱዕም አይበቃኝ።»

ሴትዮዋ አፈጠጡብኝ። «እንታይ እዩ እዚ? ምንድን ነው ይሄ? መርቀሽ መርቀሽ ነው እንዴ የምትጣዪኝ? መጣላት ከፈለግሽ እንደ ሰው ፊት ለፊት ተጣዪኝ!»

እዚህ ላይ የሌላ አገር ሰው ካነበበው እንዲገባው ልንገረው። በኛ በወሎ ሰው አቤት ሊል ሲቀርብ መጀመሪያ የሚሰማውን ሰው ይመርቃል። አንዴ አይደለም፤ አሚን እስኪባልለት ይመርቃል። ሳይመርቅ ችግሩን የዘረገፈ ሰው ጠብ ፈልጎ ነው የመጣው ይባላል። እንግዲህ ዋናው ነገር ያለው ከምርቃቱ በኋላ ነው። ለተብርሃን ይህን ለመልመድ ጊዜ ወስደዋል። በኋላ በኋላ ገና «አላህ ያቆይዎት» ስል «እሺ ዛሬ ደግሞ ምን ጎደለ?» ይሉኝ ነበር። ሁለተኛውን ጀሪካንም ሰጥተውኛል።

ሥራ ያገኘሁት ሰርግ ከሚቀርጽ ቪዲዮ ቤት ነው፤ በጽዳት። ባለቤቱ አቶ ሓጎስ ረጋ ያሉ፣ ቁጣቸው በዓመት አንዴ የሚመጣ ሰው ነበሩ። ከኋላ ክፍል ሁለት ዴክ ጎን ለጎን ተቀምጧል፤ አንዱ ካሴቱን ያጫውታል፣ ሌላው የሚፈለገውን ብቻ ይቀዳል። ሠራተኛው ጣቱን ፖዝ ላይ አድርጎ ይጠብቅና በሰዓቱ ይለቅቃል። ኤዲቲንግ የምንለው ያን ነው። ሰርግ በበዛበት ሰሞን ኤዲተሩ ሳይናገር አዲስ አበባ ገባ። የሙሽራዋ እናት ባንኮኒው ላይ ተደግፋ «ልጄ ልትወልድ ነው፣ ካሴቷ አልደረሰም!» እያለች ትጮሃለች። አቶ ሓጎስ መጥረጊያውን ከእጄ ወስደው «ሐዋ፣ ነይ ጣትሽን አበድሪኝ» አሉኝ። ሳይመልሱልኝ ቀሩ።

ትግርኛን ከጎረቤት አይደለም የለመድሁት፤ ከካሴት ነው። አንዱን ንግግር ለመቁረጥ መላልሼ አጠነጥነዋለሁ፤ ሰውየው ያችኑ ቃል ሃያ ጊዜ ይልልኛል፤ የማይሰለች አስተማሪ ነበር። ከልጅነቴ መንዙማ እየሰማሁ አድጌ ስለነበር ሰው ሊናገር ሲል ትንፋሽ የሚስብባትን ቦታ ጆሮዬ ይይዛል። እዚያ ላይ ከቆረጥህ መቆረጡ አይታወቅም። ቤቱ ከሰርግ አልፎ ለዜናና ለዘጋቢ ፊልም መሥራት ሲጀምር ያ ነገር ጠቀመኝ። ዜናው በጠዋቱ አውሮፕላን መሄድ ስላለበት ሾፌሩ በር ላይ ሞተር አስነሥቶ ይጠብቀኛል፤ እኔ ደግሞ ስለ ድርቅ ከሚናገር ገበሬ ከረጅሙ ወሬው አጭሩን እመርጣለሁ። አንድ ቀን የአንዱን ሽማግሌ ንግግር ከመሐል አውጥቼ መገናኛውን በእጃቸው ምስል ሸፈንሁት። አቶ ሓጎስ አይተው አስቆሙኝ። «እኒህ ሰው ዝናብ ቢመጣ እንዘራለን ነው ያሉት። አንቺ እንዘራለን ብቻ አስቀረሽ። አሳጥሪያቸው፤ አትገልብጫቸው» አሉኝና ከመጀመሪያው አሠሩኝ። በካሴት መሐሉን ለማስተካከል ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ እንደገና መቅዳት ነው። ስለዚህ እኔ ከቆረጥሁት በኋላ ገብቶ የሚነካካ ሰው አልነበረም፤ ለማን ይመቸዋል?

እንዲህ እንዲህ እያለ ሩቅያ አደገች፤ እዚሁ አገባች፤ ወለደች። የልጅ ልጆቼ «ዓባየይ» ይሉኛል፤ በትግርኛ አያቴ ማለት ነው። «እማምየ በሉኝ» ብዬ ብዙ ተጣላኋቸው፤ እነሱ አሸነፉ። አቶ ሓጎስ ሞቱ፤ ልጃቸው ብርሃነ ቤቱን ያዘ። ዴኮቹ ወጥተው ኮምፒዩተር ገባ። እኔም መነጽሬን ገዝቼ ማውስ ጨበጥሁ። ሥራው ቀለለ፤ አልዋሽም። ግን አንቺ ሠርተሽ ስትወጪ ሌላው ገብቶ አንድ ዓረፍተ ነገር መንቀል ይችላል፤ ቀዳዳው ወዲያው ይጋጠማል። ስምሽ ግን በቦታው ይቀራል።

አሁን ወደ ነገሩ ገባሁ። የሓድነት ቅመምና ልባሽ ጨርቅ ነጋዴዎች፣ አብዛኞቹ የኛ ሰዎች፣ ከቦታቸው ተነሥተው ሜዳ ተሰጣቸው። ያነሣቸው መሥሪያ ቤት ስለ አዲሱ ገበያ ፊልም አዘዘን። ቀረጻው ሲመጣ እትየ ዘይነባ አለችበት። አርጅታለች፤ ድምፅዋ ግን ያው ነው። «አላህ ያክብራችሁ፤ ዕድሜያችሁን ያርዝመው፤ አገራችሁን ሰላም ያድርገው፤ ቦታ ሰጥታችሁናል፤ አመስግነናል» ብላ መረቀች መረቀችና ትንፋሽ ሳበች። «አሁን ችግሬን ልንገራችሁ» አለች። «ነፋሱ በርበሬያችንን ይዞት ይሄዳል፤ የሚተርፈው ዓይናችን ውስጥ ይገባል። ውሃ የለም። ሽንት ቤት የለም። እኛ ሴቶቹ ገበያ በዋልንበት ቀን ከጠዋት ጀምሮ ጉሮሯችንን አናርስም። ወደ ድሮ ቦታችን መልሱን።»

ምርቃቱን አሳጠርሁት። ችግሩን እንዳለ ተውሁት። ዘግቼ ወደ ቤቴ ሄድሁ። እትየ ዘይነባንም መንገድ ላይ አግኝቼ «ቃልሽ አለ፤ እንዳለ ነው» አልኋት። «አልሐምዱሊላህ፤ እንግዲህ ይሰሙናል» አለች። ነጋዴዎቹ ማመልከቻ አስገብተው ነበርና ኃላፊዎቹ ሁሉ በሚገኙበት የገበያው ምረቃ ላይ ፊልሙ እንደሚታይ ሰምተው ተስፋቸውን እሱ ላይ ጥለዋል።

ምረቃው ሓወልቲ ሰፈር አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው አንዳንድ የታሸገ ውሃ ተቀምጦለታል። እትየ ዘይነባ አዲስ ሻሽ አሥራ ከፊት ወንበር ተቀመጠች፤ እኔ ከኋላዋ። ፊትዋ በትልቁ ሲወጣ አዳራሹ አጨበጨበ። መረቀች። ረጅሙ ምርቃት ነው፤ እኔ ያሳጠርሁት አይደለም፤ መልሰው አስረዝመውታል። ከዚያ ትንፋሽ ሳበች። ከዚያ እጇ ታየ፤ በርበሬ ሲሰፍር። ከዚያ ሙዚቃ። እትየ ዘይነባ አጠገቧ ወዳለችው ሴት ዞር ብላ «ቀጥሎ ነው፣ ቀጥሎ ነው» ስትል ሰማኋት። ቀጥሎ ሕንፃ መጣ። ቀጥሎ ባንዲራ መጣ። ቀጥሎ የእኔ ስም መጣ።

የመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ አቶ ጸጋይ ማይክራፎን ይዞ ተነሣ። «እንግዲህ ነጋዴዎቹ ራሳቸው በአንደበታቸው ሲመርቁን ሰምታችኋል። የቀረበው ማመልከቻ የጥቂቶች እንደሆነ ተረጋግጧል» አለ። ያን ጊዜ እትየ ዘይነባ ወደ ኋላ ዞራ አየችኝ። ውሃዋን ሳትከፍት ትታ ወጣች።

በማግሥቱ ብርሃነ ቢሮ ገባሁ።

«የእትየ ዘይነባን ቃል ማን አወጣው?»

«ኣደይ ሐዋ፣ ደንበኛው ረዘመ አለ።»

«የረዘመው ምርቃቱ ነው። እሱን ጨምራችሁ ችግሩን አወጣችሁት።»

«ለደንበኛው የረዘመበት እሱ ነዋ።»

«እንግዲያስ የኔን ስም አውጣና የደንበኛውን ጻፍ።»

«ደንበኛው ኤዲተር አይደለም እኮ።»

«ታዲያ እጁን ምን አስገባው?»

«ባክሽ ተዪኝ። ስም መውጣቱ ክብር ነው፤ ስንቱ ይለምነኛል።»

«ክብሩን ለአንተ ሰጠሁ። ኤዲቲንግ፦ ብርሃነ ሓጎስ ብለህ ጻፈው።»

ስልኩን አነሣ፣ አስቀመጠ። «እኔማ ፕሮዲዩሰር ነኝ» አለ።

«ሙሉው ቀረጻ የት አለ? ለሰዎቼ ላሳያቸው።»

«ዲስኩ ሞልቶብን ሰርግ ቀዳንበት።»

«ሙሽራዋስ ቆንጆ ናት?»

ቁልፌን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁና ስሜ እስኪወጣ እዚህ ቤት አልገባም ብዬ ወጣሁ። አባቱ በሕይወት ቢኖሩ ያ የዓመት ቁጣቸው ያን ቀን ይመጣ ነበር።

ከዚያ ወደ አቶ ጸጋይ። ሓወልቲ ያለው ቢሮው ምንጣፍ አለው፤ ወንበሩ ይሽከረከራል። ኣደይ እያለ አንቺ ይለኛል፤ እዚህ ያ ንቀት አይደለም፣ እናቱንም እንዲያ ነው የሚላት።

«ኣደይ ሐዋ፣ ምን ጎደለሽ?»

«ወይ ቃሏ ይመለስ፣ ወይ ስሜ ይውጣ። ከሁለት አንዱ።»

«ሴትዮዋ መርቃናለች ወይስ አልመረቀችንም?»

«መርቃለች።»

«ምርቃቱ ውሸት ነበር?»

«እውነት ነው።»

«እውነት ከሆነ ቅሬታ የለም። ቅሬታ ካለ ምርቃቱ ውሸት ነው። ምረጪ።»

«ምርቃቱ ለእርስዎ ነው፤ ቅሬታው ስለ ውሃው ነው። እርስዎ ውሃ አይደሉም።»

ጸሐፊዋ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እሱ ግን አልሳቀም። «በጽሑፍ አቅርቢ፤ መልሱ በስልክ ይነገርሻል» አለኝ። በጽሑፍ አቀረብሁ። ስልኩ ሳይጮህ ቀረ። በየሳምንቱ እሄዳለሁ፤ በየሳምንቱ ስብሰባ ላይ ነው። ሰው እንዴት እንዲያ ይሰበሰባል?

በዚህ መሐል ከቅሬያችን ሰው ሞተ። ቅሬ የምንለው የቀብር ማኅበራችንን ነው፤ መቐለ ላይ ዘመዳችን እሱ ነው። ንፍሮ ቀቅዬ ይዤ ሄድሁ። የሌላው ሰው ዕቃ ባዶውን ተመለሰ፤ የኔ እንደተከደነ ተመለሰ። አንድ እፍኝ እንኳ የዘገነለት የለም። የቅሬው ሽማግሌ አያ ሰይድ ወደ በሩ ወስዶኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሐዋየ፣ ለጊዜው ከቤትሽ ሆነሽ ዱዓ አድርጊ» አለኝ። ሃያ ምናምን ዓመት አብሬ የቀበርሁ ሰው ነኝ!

እትየ ዘይነባ ዘንድ ሄድሁ፤ እዚያው ሜዳው ላይ። ላስቲክ ወጥራ ተቀምጣለች፤ ነፋሱ ላስቲኩን ያርገበግበዋል፤ በርበሬውን በሁለት እጅዋ ሸፍናዋለች። ዓይኗ ቀልቷል።

«እትየ፣ ወላሂ እኔ አይደለሁም።»

«እኔ አላነብም» አለችኝ። «ስምሽን ያነበበልኝ ልጄ ነው። በአልጋዬ ፈንታ መሬት የተኛው።»

«ቃልሽን እንዳለ ነበር የተውሁት። ከኋላዬ ገብተው ነው።»

«ይሆናል። እኔ ግን ፊልሙን ላዩ ሁሉ አንቺ አይደለሽም እያልሁ ልዞር ነው? ስምሽን ያወጡ ዕለት ነይ፤ እኔው ራሴ እጅሽን ይዤ ቅሬው መሐል አስቀምጥሻለሁ። እስከዚያ አትምጪብኝ።»

ፈረደች። አልተከራከርኋትም።

ከሐይቅ ደግሞ ወንድሜ ደወለ። ያ መሬቱን የወሰደው የባሌ ወንድም ሸምግሎ ገበያ መሐል «አላልኋችሁም? ያቺ ሴት ያሳደጋትን ትሸጣለች» ይላል አሉ። እሱ ነው ያሳደገኝ? «ሐዋየ፣ ነይና ከኛ ጋር ኑሪ፣ ምን ታደርጊያለሽ በሰው አገር» አለኝ ወንድሜ። በስልኩ ውስጥ ከኋላው ልጆች ሲንጫጩ፣ የሐይቁ ወፎችም ሲጮሁ ሰማሁ። ያን ድምፅ ለሥራ ቢያመጡልኝ አንዲት ትንፋሽ እንኳ አልቆርጥበትም፣ አልነካውም ነበር። «ስሜን እዚህ ጥዬ አልመጣም» አልሁትና ዘጋሁት።

ባለፈው ሳምንት አንድ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። አቶ ጸጋይ ራሱ ነው።

«ኣደይ ሐዋ፣ አቤቱታሽ ታይቶ መልስ አግኝቷል።»

«ስሜ ወጣ?»

«ማውጣት አላስፈለገም። ፊልሙ ከእንግዲህ አይታይም።»

«ምነው?»

«ገበያው ከዚያ ሜዳ ሊነሣ ነው።»

«ወደ ድሮ ቦታቸው?»

«አይደለም፣ አዲስ ቦታ ነው። ከከተማው ትንሽ ወጣ ይላል።»

«ውሃ አለው?»

«እሱ ገና ነው። ሲዛወሩ ግን ፊልም ይሠራለታል፤ ለብርሃነም ነግሬዋለሁ። ኤዲቲንጉን ካንቺ በቀር ለማንም እንዳይሰጥብን፤ ያለፈውን ሥራሽን አለቆች ሁሉ ወደውታል።»